ቤት ሲታደስ ዓይኑ ለምን ይወጣል?

ታደሰ መልካም ስም ነው። ከሐዘን በኋላ ለመጣ ልጅ፣ ወይም ተዳክሞ ለነበረ ቤት ተስፋ ሆኖ ለተወለደ ሕፃን ይወጣል። ስሙን የሚያወጡት ወላጆች የቀደመው የቤተሰብ መልክ በልጁ ላይ እንዲቀጥል ይመኛሉ፤ ልጁን በሌላ ልጅ ለመለወጥ ያሰበ ወላጅ ግን ተሰምቶ አይታወቅም። ነገር የሚበላሸው ቃሉ ከሰው ወደ ቤት ሲሻገር ነው። አንድ አሮጌ ቤት «ሊታደስ ነው» ከተባለ፣ ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ሳይታይ፣ መሠረቱ የተሰነጠቀበት ሳይለካ፣ በመጀመሪያ የሚነቀለው መስኮቱ ነው። የእንጨት መዝጊያው ከነመቃኑ ተፈንቅሎ ጓሮ ይቆለላል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ለቡና ማፍያ ይነዳል፤ በቦታው የሚያብረቀርቅ አልሙኒየም ወይም ቀለም የተቀባ ላሜራ ይገባል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ቤቱም ታደሰ ይባላል። ታደሰ የተባለ ሰው ሁሉ ስሙ በወጣለት ቀን ሁለት ዓይኑ ወጥቶ የመስተዋት ዓይን የሚገባለት ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ስም የሚያወጣ ወላጅ ዛሬ ባልተገኘ ነበር።

ይህን ጉዳይ ከጋምቤላ ሆኖ ማየት ይበጃል። አዲስ አበባ ላይ መጥፎ መስኮት ያለው ሰው የሚከፍለው ቅጣት ብርድ ነው፤ ብርድን ደግሞ ጋቢ ይፈታዋል። ለሙቀት የሚደረብ ጋቢ ግን እስካሁን አልተሸመነም። ጋምቤላ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቷ 40 ዲግሪን ይነካል። እንዲህ ባለ አገር መስኮት እንደ ውኃ እንስራ ያለ የኑሮ ዕቃ ነው፤ ሲሰበር ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ የዚህ ወግ ክርክር አጭር ነው፦ የቆየ ቤት ሲታደስ የእንጨት በሩና መስኮቱ መጠገን አለበት፤ የሚለወጠውም ጥገናው ተሞክሮ አልሆን ሲል ብቻ ነው። ይህን የሚያስብለው የድሮ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ አሮጌው መስኮት የሚሠራውን ሥራ አዲሱ ስለማይሠራው ነው። ለዚህ ማስረጃው ብዙ ነው፤ ተቃውሞውም እንዲሁ ብዙ ስለሆነ በየተራው እንሰማዋለን።

አስቀድመን ሒሳብ እንሥራ። ተንሸራታቹ የአልሙኒየም መስኮት ሁለት ክንፍ አለው፤ አንዱ ሲከፈት በሌላው ላይ ይደረባል። ባለቤቱ የአንድ ሙሉ መስኮት ዋጋ ከፍሎ ዕድሜ ልኩን የሚከፍተው ግማሹን ነው ማለት ነው። እንጀራ ገዝቶ ግማሹን ለመሶብ ማሳመሪያ የሚያስቀር ሰው ብናይ ዘመድ እንጠራለት ነበር። የእንጨቱ መዝጊያ ግን በማጠፊያው ዞሮ ከውጭው ግድግዳ ጋር ይለጠፋል፤ ቀዳዳው በሙሉ ለነፋስ ይለቀቃል። ሁለተኛው ሒሳብ የጥላ ነው። ፀሐይ በመስተዋት ሰተት ብላ ትገባና ወለሉን ታግላለች፤ የጋለው ወለል መልሶ የሚተፋውን ሙቀት ግን ያው መስተዋት አላሳልፍም ይላል። መግባት እንጂ መውጣት እንደማያውቅ እንግዳ፣ ሙቀቱ ቤት ውስጥ ያድራል። መጋረጃ ይከለክለዋል የሚል ካለ፣ መጋረጃ ሌባው ሳሎን ከገባ በኋላ የሚነቃ ዘበኛ መሆኑን ይወቅ። ከውጭ የሚዘጋ የእንጨት መዝጊያ ፀሐይዋን ከደጅ ይመልሳታል፤ ሳንቃዎቹ አግድም ተደርድረው በየመካከላቸው ክፍተት ከተተወ ደግሞ ብርሃኑን ሰብሮ ነፋሱን ያሳልፋል። ሦስተኛው ሒሳብ የዕቃው ጠባይ ነው። አልሙኒየም ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከእንጨት ከሺህ ጊዜ በላይ ነው፤ ላሜራውም ቢሆን በብዙ መቶ ጊዜ ይበልጠዋል። ከቀትር በኋላ የላሜራ መስኮት ለመዝጋት እጁን የሰደደ ሰው፣ ምጣድ ያለ ማሰሻ እንደነካ ሆኖ ይመለሳል።

ጋምቤላ ያለችበት ቦታም ለዚህ ሒሳብ ምስክር ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስምንት ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ በቀትር በቀጥታ ከአናቷ በላይ ትቆማለች። ከላይ ለመጣች ፀሐይ ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ ይበቃታል። ጠዋት ከምሥራቅ፣ ማታ ከምዕራብ ዝቅ ብላ ስትመጣ ግን ከክፈፉ ሥር ሾልካ ትገባለች፤ ያን ጊዜ የሚያስቆማት የሚዘጋ መዝጊያ ብቻ ነው። መስተዋት የበዛበት የሕንጻ ፋሽን ወደ ቆላ የወረደው ከደጋ ነው፤ በደጋ ፀሐይን በመስኮት መጋበዝ ብልኅነት ሊሆን ይችላል። የደጋን ካፖርት ቆላ ላይ ለብሶ የሚሄድን ሰው ማንም ዘመናዊ አይለውም፤ ቤት ሲለብሰው ግን ዘመናዊ ይባላል። ከዚያ በኋላ ለካፖርቱ ማቀዝቀዣ ማሽን ይገዛለታል፤ ለማሽኑ መብራት ይከፈላል፤ መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ሰው ሁሉ ቤቱን ጥሎ ዛፍ ሥር ይቀመጣል።

ይህን ዕውቀት ከሩቅ መዋስ አያስፈልግም፤ የክልሉ ሕዝቦች ቤት ራሱ ያስተምራል። የአኝዋሃ ባህላዊ ቤት የሣር ክዳኑ ወደ ታች ረዝሞ ወርዶ የጭቃ ግድግዳውን እንደ ባርኔጣ ይጋርደዋል፤ ግድግዳው ላይ ጭቃው እርጥብ ሳለ በእጅ የተቀረጸ ጌጥ አለበት። የኑዌር የከብት ቤትም ሰፊ የሣር ክዳን ደፍቶ ይቆማል። እነዚህ ቤቶች መስኮት ባይበዛባቸውም ከላይ የተነገረውን ሕግ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ፀሐይ ግድግዳውን ከመንካቷ በፊት መገታት አለባት፤ ነፋስ ግን መንገድ ማግኘት አለበት። የእንጨት መዝጊያ ያለው የድሮ ቤት ይህንኑ ሕግ በአናጢ እጅ የጻፈ ነው። ሣሩ በክፈፍ የሠራውን እንጨቱ በማጠፊያ ሠራው። አልሙኒየሙ ግን ከሁለቱም ጋር አይዛመድም።

የመዝጊያው ቤት ወደ ባሮ ዳር የመጣበት ታሪክም መነገር ያለበት ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል ላይ፣ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ተፈቀደ። ቦታው በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር፣ በስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ ለፖለቲካና ለወታደር ጉዳይም እንዳይውል ተወሰነ። ጣቢያው በመጨረሻ የቆመው ጋምቤላ ላይ ነው። ክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ይመጡ ነበር፤ ከጎሬና ከኢሉባቦር ደጋ በበቅሎ የወረደው ቡና ይጫናል፤ ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ይራገፋል። በበጋ ውኃው ሲጎድል መርከቡም ይቀራል፤ ነጋዴውም ዝናቡን እንደ ገበሬ ይጠብቃል። በመካከል ጣሊያን ገባ፤ በ1933 ዓ.ም. ከቤልጂየም ኮንጎ የመጣ ጦር ከከተማዋ አስወጣው። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ደግሞ የኪራዩ ውል ምክንያት አለቀ። በዚያ ዘመን በናይል ሸለቆ ከካርቱም ወደ ደቡብ የቆሙ የጉምሩክ፣ የመጋዘንና የመኖሪያ ቤቶች ባጠቃላይ አንድ ጠባይ ነበራቸው፦ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ዙሪያውን የሚጋርድ በረንዳ፣ ከውጭ የሚዘጋ የእንጨት መዝጊያ። ማቀዝቀዣ ማሽን ያልነበራቸው ሰዎች ቤቱን ራሱን ማቀዝቀዣ አድርገውት ነበር።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃዋሚ እጁን ያነሣል። «የባዕድ ነጋዴ መስኮት ለእኛ ምናችን ነው? ቢበሰብስስ?» ይላል። ጥያቄው ቁጣ ብቻ አይደለም፤ እውነት አለበት፤ ምክንያቱም የጣቢያው ንግድ ለማን እንደጠቀመና ማንን ገፍቶ እንዳለፈ መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህን ለመጠየቅ ምስክሩ በሕይወት መኖር አለበት። የተከሰሰውን ሰው ከችሎት በፊት የሚያቃጥል ዳኛ ስለ ፍርድ ሊያወራ አይችልም። ደግሞም ውሉን የፈረሙት መንግሥታት ይሁኑ እንጂ፣ ቡናውን ያበቀለው የደጋ ገበሬ ነው፤ ጭነቱን ያወረደው የበቅሎ ነጂ ነው፤ ከረጢቱን ተሸክሞ መርከብ ላይ ያወጣው ወዛደር ነው። የዚያ ዘመን ቤት የእነርሱም የላብ ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ ደግሞ አርማው የሌላ ድርጅት ስለሆነ ብቻ አይቀደድም።

ሁለተኛው ተቃዋሚ ምስጥ ነው። ስለ እንጨት በጋምቤላ የሚያወራ ሰው ምስጥን ሳያስፈቅድ ወሬውን መጨረስ አይችልም። ምስጥ የከተማው እውነተኛ የሕንጻ ተቆጣጣሪ ነው፤ አበል አይጠይቅም፤ ቅዳሜና እሑድ አያርፍም፤ ሌሊት ይሠራል፤ ሪፖርቱን የሚያቀርበው ግን በሩ በእጅ ሲነካ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ሲረግፍ ነው። «አልሙኒየሙን ምስጥ አይበላውም» የሚለው ክርክር ስለዚህ ጠንካራ ነው። ይሁንና ተቆጣጣሪው ሕግ አለው፤ ሕጉንም አይጥስም። እርጥበት ይፈልጋል፤ ብርሃን ይጠላል፤ ከአፈር ተነሥቶ ወደ እንጨቱ የሚመጣው ራሱ በሠራው የጭቃ ዋሻ ውስጥ ተደብቆ ነው። ስለዚህ መቃኑ ከአፈር ጋር እንዳይገናኝ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ማንሣት፣ ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ ግድግዳውን እንዳያረጥብ ማራቅ፣ በየሳምንቱ ግድግዳውን ዞሮ አይቶ የጭቃ ዋሻ ሲገኝ በመጥረጊያ ማፍረስ፣ ይህ ሁሉ የምስጥን መንገድ ይቆርጣል። እንጨት ሁሉም አንድ አይደለም፤ ባሕር ዛፍ ለምስጥ ድግስ ነው፤ ጥድ ግን በቀላሉ አይበገርለትም። ምስጥ የሚበላው እንጨት አብዛኛውን ጊዜ ማንም ዞር ብሎ ያላየው እንጨት ነው። አልሙኒየሙን አይበላውም፣ እውነት ነው፤ ከአልሙኒየሙ በስተጀርባ የተቀመጠውን ሰው ግን ሙቀት ይበላዋል።

የጥገናው ሥራ ራሱ ከሚፈራው በላይ ቀላል፣ ከሚናቀው በላይ ደግሞ ጥበብ የሞላበት ነው። አሮጌ የእንጨት መስኮት አንድ ዕቃ አይደለም፤ መቃንና ጉበን፣ ደፍና ሳንቃ፣ ማጠፊያና መቀርቀሪያ ተሰባስበው የሚኖሩበት ቤተሰብ ነው። ሲታመምም ሁሉም በአንድ ቀን አይታመምም። ዝናብ የሚያርፍበትና ውኃ የሚጠራቀምበት የታችኛው አግድም እንጨት ቀድሞ ይበሰብሳል፤ የላይኛው ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ጎበዝ አናጢ የበሰበሰውን ብቻ በመጋዝ ቆርጦ፣ ዓይነቱ የሚመሳሰል እንጨት መልጎ፣ በመሮ ወንዴና ሴቴ አድርጎ ያጋጥመዋል፤ የላላውን ማጠፊያ ያጠብቃል፤ የተሰነጠቀውን በስቱኮ ሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ ቀለም ይቀባል። አንድ ክንድ እንጨት ስለበሰበሰ መስኮቱን በሙሉ ነቅሎ መጣል ግን ለፍየል ሕመም በሬ ማረድ ነው። የጥንቱ መስኮት ተፈታትቶ የሚጠገን ሆኖ ነው የተሠራው፤ የሠራው ሰው አንድ ቀን ሌላ አናጢ እንደሚመጣ አውቆ ሥራውን በአደራ ትቶለታል። የተንሸራታቹ መስኮት ትንሿ ጎማ ስትሰበር ግን መስኮቱ እንደ ሰነፍ በቅሎ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ጎማዋ ከገበያ ከጠፋች ደግሞ ቁርጡ ታወቀ።

እንጨቱ ራሱ ሌላ ክርክር አለው። የድሮ በርና መስኮት የተሠራባቸው እንደ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ያሉ ዛፎች ለመብሰል አሥርት ዓመታት የፈጀባቸው ናቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ እነዚህን ከኮሶ ጋር ከመንግሥት ደን መቁረጥን የከለከለው እያለቁ ስለነበር ነው። የመዠንግር ዞን በደኑና በማሩ የታወቀ ሆኖ፣ ዩኔስኮም አካባቢውን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦት፣ ከዚያ ደን የተገኘን ወይም የሚመስለውን የዋንዛ ሳንቃ ለቡና ማፍያ ማንደድ ትልቅ ድፍረት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት እንኳ የጣለችው የራሷን ነው፤ እኛ የምንጥለው ግን ሁለተኛ በገንዘብ የማይገኘውን ነው። ደኑን የሚወድ ሰው በመጀመሪያ የሚያድነው ቀድሞ የተቆረጠውን ዛፍ ይሁን፤ እርሱ መጋዝ አይፈልግም፣ እንክብካቤ ብቻ ይበቃዋል።

ሦስተኛው ተቃዋሚ ኪሱን እየዳበሰ የሚናገር ነው። «ይህ ሁሉ የባለጠጋ ወሬ ነው፤ አናጢ ለሳምንት ከምከፍል ላሜራውን በአንድ ቀን አስገጥማለሁ» ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ሰው ይህ ክርክር ከባድ ነው፤ ድሃው የራሱን ትንሽ ቤት በላሜራ ቢዘጋ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። የዚህ ወግ ጣት የሚያመለክተው በሕዝብ ገንዘብ የሚታደሱትን የቆዩ ቤቶች ነው። በእነዚህ ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው። ለአልሙኒየም የሚከፈለው ገንዘብ አብዛኛው በመኪና ተጭኖ ከክልሉ ይወጣል፤ መስተዋቱና ፕሮፋይሉ ከሩቅ ስለሚመጣ ነው። ለጥገና የሚከፈለው ገንዘብ ግን አብዛኛው የእጅ ዋጋ ነው፤ አናጢው ጋምቤላ ውስጥ ይበላዋል፣ ጋምቤላ ውስጥ ይጠጣዋል፤ ከእርሱ ጋር የሠራው ወጣት ደግሞ በሚመጣው ዓመት ራሱን ችሎ ሌላ መስኮት ይጠግናል። መስኮት መለወጥ ዕቃ ይገዛል፤ መስኮት መጠገን ግን ባለሙያ ይገዛል። ከሁለቱ የትኛው ለከተማዋ እንደሚቀርላት ለመናገር ኢኮኖሚስት መጥራት አያስፈልግም።

አራተኛው ተቃዋሚ ብልጥ ነው፤ ፍልስፍና ይዞ ይመጣል። «ሳንቃውን ቀየርህ፣ ማጠፊያውን ቀየርህ፣ ታዲያ የድሮው መስኮት የታል?» ይላል። ይህን ጥያቄ ጃፓኖች ከጥንት ጀምሮ በሥራ መልሰውታል፤ የኢሴ ቤተ መቅደስ በየ20 ዓመቱ በአዲስ እንጨት እንደገና ይሠራል፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የተሠራውም ለ62ኛ ጊዜ ነው፤ እንጨቱ አዲስ ቢሆንም የእጁ ዕውቀት አልተቋረጠም። በ2019 እ.ኤ.አ. የፓሪሱ የኖትርዳም ካቴድራል ጣሪያ ሲቃጠልም ብረትና መስተዋት ይደረግበት ያሉ አልጠፉም ነበር፤ ፈረንሳዮች ግን ወደ 2,000 የሚጠጉ የባሉጥ ዛፎች ቆርጠው፣ ከግንዱም ብዙውን በመጥረቢያ ጠርበው፣ የቀድሞውን ዓይነት የጣሪያ ማገር መልሰው በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ደጃፉን ከፈቱ። የአኝዋሃ እናቶች ክረምት ያጠበውን የጭቃ ግድግዳ እንደገና ሲለስኑና ጌጡን ሲቀርጹ ቤቱን ሌላ ቤት አያደርጉትም። የነገሩ ቁም ነገር ይህ ነው፦ ያለቀውን በዓይነቱ መተካት ያለውን ማስቀጠል ነው። ነገር ግን ብልጡ ተቃዋሚ ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሁሉንም እንቀይር» እንዳይል። ጃፓኖች የሚሠሩት በእንጨት ምትክ እንጨት እንጂ በእንጨት ምትክ አልሙኒየም አይደለም፤ ደግሞም ደኅና የሆነ ሳንቃ ማስቀረት ከተቻለ አዲሱን መጥረብ ጥጋብ ነው።

ይህ አስተያየት የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ዊሊያም ሞሪስ የተባለው እንግሊዛዊ ገጣሚና የእጅ ጥበብ ሰው በ1877 እ.ኤ.አ. የጥንት ሕንጻዎች ጥበቃ ማኅበርን ሲያቋቁም የፈራው የሚያፈርሱትን ሳይሆን «እናድሳለን» የሚሉትን ነበር፤ አፍራሽ ጠላት ስለሆነ ይታወቃል፣ አዳሹ ግን በወዳጅ ፊት ይመጣል። በእኛም አገር የተሻለ ምሳሌ አለ። የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን በ1948 እ.ኤ.አ. በአርክቴክት ዴሪክ ማቲውስ ሲጠገን፣ ጥንታዊው የድንጋይና የእንጨት አሠራሩ ተጠብቆ ነው የቆመው። ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣው በገመድ ነው። በገመድ በሚወጣበት አምባ ላይ የእንጨት ሥራ ከተጠገነ፣ መኪና ደጃፍ ድረስ በሚገባበት ከተማ አልተቻለም ማለት ያሳፍራል። አክሱማውያን ደግሞ የእንጨት በርና መስኮት ምን ያህል እንደሚወዱ ለማሳየት በሐውልቶቻቸው ላይ በድንጋይ ቀረጹት፤ 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመውና ከሮም የተመለሰው ሐውልት እስከ ዛሬ ድረስ በማይከፈት መስኮት ይመለከተናል። ድንጋይን እንጨት አስመስለው የቀረጹ ሰዎች ልጆች፣ እንጨቱን በላሜራ ሲለውጡ ሐውልቱ ቢስቅ አይፈረድበትም። በቅርቡም አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አዳራሽ ሲታደስ፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሰፋው የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል ተጠግኖ በቦታው ቆየ። «ይህ ደብዝዟል፣ ተንሸራታች ይግባለት» ያለ መሐንዲስ አልተሰማም። ለታላቁ መስኮት የሠራው ሕግ ለትንሹ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

አምስተኛው ተቃዋሚ ከሁሉም የከበደ ነው፤ ወባ ነው። «ሙሉ በሙሉ የሚከፈት መስኮት ለትንኝም ሙሉ በሙሉ ይከፈታል» የሚል ሰው በጋምቤላ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን መስተዋቱን ዘግቶ በሙቀት የሚቀቀል ሰውም እኩለ ሌሊት ላይ ተስፋ ቆርጦ መስኮቱን ይከፍተዋል፤ ትንኟም ያን ሰዓት ታውቀዋለች። መድኃኒቱ ወንፊት ነው፤ የእንጨት መስኮትም ለወንፊት የተመቸ ነው። መዝጊያው ወደ ውጭ ስለሚከፈት፣ ከውስጥ በኩል ቀጭን የእንጨት ክፈፍ ላይ የተወጠረ የሽቦ ወንፊት በሁለት ማጠፊያ ይሰቀላል፤ ለጽዳት ይከፈታል፤ ሲቀደድ ወንፊቱ ብቻ ይቀየራል። ይህ አዲስ ነገር መጨመር ከጥበቃ ጋር አይጣላም፤ የነበረውን ሳይነካ የጎደለውን ይሞላልና። ስለ ሌባ የሚሠጋም ሰው ቢሆን ከውስጥ ፍርግርግ ብረት ማድረግ ይችላል። ጥበቃ ማለት ቤቱን በታሪክ ምስል ፍሬም ውስጥ ሰቅሎ ሰው እንዳይኖርበት ማድረግ አይደለም፤ የማይኖርበት ቤት ፈጥኖ እንደሚፈርስ ምስጥም ያውቀዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ ቢባል፣ ነገሩ የሚጀምረው ከወረቀት ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ መንካትን ይከለክላል፤ ይሁንና ቅርስ የሚነካው ብዙ ጊዜ በመዶሻ ሳይሆን በጨረታ ሰነድ ነው። ሰነዱ ላይ «አሮጌ መስኮት ማንሣትና አዲስ መግጠም» የሚል መስመር ካለ ተቋራጩ ሌላ ምን ያድርግ? ውሉን ፈጸመ ማለት ነው። ከዚያ መስመር በፊት አንድ ሌላ መስመር ይግባ፦ እያንዳንዱ መስኮት ተቆጥሮ፣ ምኑ ጤነኛ ምኑ ታማሚ እንደሆነ ተጽፎ፣ የሚጠገነው በስንት አናጢ ቀን እንደሚጠገን ይሰላ። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛውም የአልሙኒየም ሥራ ሲያስተምር ከጎኑ መሮና መላጊያ ይያዝ፤ ልምድ ያለው አናጢ ዲፕሎማ ስለሌለው ከክፍሉ በር እንዳይመለስ። ወደ ክልል ከተሞች የሚመጣው የመንገድ ዳር ልማትም ከመኪናው መስኮት ለሚያይ መንገደኛ ብቻ ከሚያምር፣ በቤቱ መስኮት ለሚተነፍሰው ነዋሪ ይታሰብበት። ይህን ሁሉ ለማድረግ ከፍተኛ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መፈንቅያው ከመነሣቱ በፊት «ይህ መስኮት ምኑን አመመው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ጥያቄው በተጠየቀበት ቤት ላይ የሚሆነውን ማሰብ አያስቸግርም። አናጢው የበሰበሰውን የታችኛውን እንጨት ቆርጦ ሌላ ቀጥሎበታል፤ ቅጥያው ቀለም ከተቀባ በኋላም ቀርቦ ላየው ሰው ይታያል፤ ይታይ፣ የዳነ ቁስል ጠባሳ አያሳፍርም። ከውስጥ ወንፊቱ ተወጥሯል፤ ከታች መቃኑ ከአፈር ተነሥቷል፤ ምስጥ የተለመደ የሌሊት ጉብኝቱን አድርጎ ባዶ እጁን ተመልሷል። ከቀትር በኋላ መዝጊያው ተገርበብ ብሎ ከባሮ በኩል የሚመጣው ነፋስ በሳንቃዎቹ መካከል ያልፋል። በዚያን ሰዓት ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ከተማዋ የተመለሰ የድሮ ጎረቤት በደጁ ቢያልፍ፣ ግድግዳው ቀለም ቢቀይርም፣ ቆርቆሮው አዲስ ቢሆንም፣ ቆም ብሎ በዓይኑ ያውቀዋል። ያ ቤት ታደሰ ቢባል ስሙ ይገባዋል።